ካሰች ለሜዳው የሰፋችው እጅጌ

ካሰች ቀዩን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አከማችታ፣ ጠርዙን በሁለት ጣቷ እያጠፈች ከመርፌው ስር ታሳልፋለች። ግራ እጇ ጨርቁን ይመራል፤ ቀኝ እጇ የስፌት መኪናውን መዘውር ያዝ ለቀቅ እያደረገ ሩጫውን ያበርዳል። የሄደችበትን መስመር ተመልሳ ትደግመዋለች። ከዚያ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ ስፌቱን ግራና ቀኝ ትጎትተዋለች። ካልላላ ብቻ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

የምትሰፋው እጅጌ ነው። ነገር ግን የሰው ክንድ የሚገባበት አይደለም። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ አፉ እንደ በርሜል ይሰፋል፤ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ የጣሳ አፍ ያህል ይሆናል። በሸነን ገበያ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላዋ ስር ተቀምጣ ስትሰፋው ያየ ሁሉ ቆም ሳይል አያልፍም።

«አዴ ካሰች፣ ይህ እጅጌ ለጎልያድ ነው?» ይሏታል።

«ለነፋስ ነው።»

«ነፋስ ደግሞ መቼ መጥቶ ተለካ?»

«አምና የሰፋሁለትን ሲቀደው ልኩን አወቅሁት» ትላለች፣ ቀና ሳትል።

እውነቷን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ጫፍ ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆሟል። እጅጌው የሚሰቀለው እዚያ ነው። አፉ በበርሜል ቀለበት ተወጥሮ ነፋስ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ጫፉ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ይዘረጋል። የአውሮፕላን አብራሪ ከሩቅ አይቶት ነፋሱ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ከየትኛው ወገን እንደሚያርፍም ይወስናል። ሌላ አገር ያለው የራሱ ስም ይኖረው ይሆናል። በሸነን ግን የሰፋችው ልብስ ሰፊ ናትና ስሙ «እጅጌ» ሆኖ ቀረ።

ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነበር፤ ወሩ ሚያዝያ። ካሰች ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። ያላት አንዲት ልጅ ናት፤ ጊፍቲ ትባላለች፤ የምታስተምረው እዚያው ሸነን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ካሰች በቤቷ በኦሮምኛ ትጸልያለች፣ በገበያ በሁለቱም ቋንቋ ትከራከራለች፣ በቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የኳየሩን ልብስ ስፌት ትመረምራለች። ቀዩ ጨርቅም ከዚያው የተገኘ ነው። ኳየሩ አዲስ ጋዋን ሲያሠራ አሮጌዎቹን ቀያይ ጋዋኖች ለእሷ ሰጧት። ጨርቁ ቀላል ነው፣ ዝናብ አይዝም፣ ከሩቅ ይታያል። እሷም ፈታትታ፣ ያረጀውን ቆርጣ ጥላ፣ ደህና ደህናውን እያገጣጠመች እጅጌ አደረገችው። «እስከ ዛሬ ሲዘምር ኖሯል፤ አሁን ደግሞ ይንፋ» አለች።

ሜዳው ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸነን ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በበጋ አቧራ ነው፤ በክረምት ግን ጭቃው መኪናን እስከ ሆዱ ይውጣል። ሐምሌና ነሐሴ የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ከመሄድ በቀር መላ የለም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ክሊኒክ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጋር ተነጋግሮ ትንሽ አውሮፕላን በየጊዜው መድኃኒት ይዞ እንዲመጣ፣ ሲመለስም የጠናበትን በሽተኛ እንዲወስድ ተደረገ። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ማረፊያ ሆነ።

ችግሩ ሜዳው አጭር መሆኑ ነበር። አብራሪው ካፒቴን ገብረአማኑኤል ለሕዝቡ በትዕግሥት አስረድቷል። አውሮፕላን እንደ ድንቢጥ ካለበት ብድግ አይልም፤ ሮጦ ነው የሚነሣው፤ ሸክሙ በከበደ ቁጥር ሩጫው ይረዝማል። ሸነን ደግሞ ደጋ ነው፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩጫው ይብሳል። ስለዚህ በሽተኛ ከጫነ ሙሉ ነዳጅ መያዝ አይችልም። ጥቂት ነዳጅ ይዞ ይነሣና ቆላ ውስጥ ወዳለው ታችኛው ሜዳ ወርዶ፣ እዚያ ከተቀመጠው በርሜል ሞልቶ ነው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ይህ ብዙም አይጎዳም። ሰማዩ ሲዘጋ ግን በሽተኛ ይዞ ታችኛው ሜዳ መዋል፣ አንዳንዴም ማደር አለ።

ከሁለት ክረምት በፊት ጊፍቲ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ምጡ ጠናባት። አውሮፕላኑ መጥቶ ከእናቷ ጋር ወሰዳት። ታችኛው ሜዳ እንደወረዱ ሰማዩ ተዘጋባቸው። በማግስቱ ሲከፈት ጊፍቲ በሕይወት ነበረች፤ ልጁ ግን አልነበረም። ካሰች የልጅ ልጇን ከሜዳው ዳር፣ ከአንዲት ግራር ስር ቀብራ ተመለሰች። ጊፍቲ ስለዚያ ቀን ሲነሣ ወይ ትወጣለች፣ ወይ ሥራ ትፈልጋለች። ካሰችም አታነሣባትም።

እንግዲህ በዚያ ሚያዝያ ጊፍቲ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች። የምትወልደው በሐምሌ ነው፤ መንገዱ በሚቆረጥበት፣ ደመናው በሚወርድበት።

በዚያው ሰሞን የክሊኒኩ ጤና ረዳት ሙለታ ደስ የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ሜዳው ሲሦውን ያህል ቢረዝም አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መጥቶ በቀጥታ መመለስ ይችላል። ድርጅቱም ለምዕራብ ሸዋ የሚመድበውን የቀጥታ በረራ ክረምት ሳይገባ ሊወስን ነው። በግንቦት ካፒቴኑ መጥቶ የረዘመውን ሜዳ ሞክሮ ካረፈበት በረራው የሸነን ይሆናል። ካላረፈበት ግን ተራው የጄልዱ ከተማ ወደሆነችው ወደ ጎጆ ያልፋል፤ የጄልዱ ሰዎችም ጠይቀው ኖሯል።

ጎጆ የሚለው ስም ሲጠራ ሸነን ነቃ አለ። በገበያው ሰው ሁሉ ስለ ጎጆ ብርድ ያወራ ጀመር። አውሮፕላኑ እዚያ ካረፈ እስኪሞቅ እሳት ሊነድለት ነው አሉ። የጎጆን ድንች በሕመምተኛ ፋንታ ጭኖ ይሄዳል አሉ። ካሰች ትስቃለች፣ ግን ሐሳቧ እዚያ አልነበረም። የጎጆ ሰዎችም ቃሬዛ እንደሚሸከሙ ታውቃለች። ለእሷ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐምሌ።

ሜዳውን ለማርዘም የቀረው አንድ አቅጣጫ ነበር። በአንዱ ጫፍ ገደል አለ። በሌላው ጫፍ የኦቦ ኤጄታ ካሎ ይጀምራል። ካሎ ማለት ታጥሮ የሚጠበቅ ግጦሽ ነው፤ ሌላው ሜዳ ሁሉ ተግጦ ሲያልቅ፣ የእርሻ በሬዎች ለማረስ ጉልበት እንዲያገኙ የሚለቀቁበት። ኦቦ ኤጄታ ያንን ካሎ ከአባታቸው ተቀብለው እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠብቀውታል። ሙለታና የቀበሌው ሰዎች ሁለት ጊዜ ሄደው ለመኗቸው። አንደኛውን ጊዜ አረቄ ጋብዘው ሸኟቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሳይጋብዙ። «በሬዎቼ ነዳጅ አይጠጡም» ነበር መልሳቸው።

ያን ጊዜ ካሰች የገበያውንና የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች ሰበሰበች። በማለዳ ርጥብ ሳር አጭደው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጭብጥ በእጃቸው ይዘው ወደ ኦቦ ኤጄታ ደጅ ሄዱ። በዚያ አገር ርጥብ ሳር ይዞ ደጅ የቆመን ሰው አልፎ መሄድ ከባድ ነው። ጠብ አይደለም፣ ክስ አይደለም፤ ልመናና ሰላም ነው። ተቀመጡ ቢባሉም መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ሴቶቹም ምንም ሳይናገሩ ከአጥሩ በር ጀምሮ ተሰልፈው ቆሙ።

ኦቦ ኤጄታ ወጡ። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ በዓይናቸው ሄደው ካሰች ላይ ቆሙ።

«ካሰች፣ ይህን ሁሉ ሴት ያሰለፍሽብኝ ልታስደበድቢኝ ነው?»

«ልንለምንዎት ነው፣ ኦቦ ኤጄታ።»

ኦቦ ኤጄታ ጠጋ ብለው በእጇ ያለውን ሳር አገላብጠው አዩት። «ይህን ሳር ከየት አጨዳችሁት?»

ካሰች ዓይኗን ወደ ካሎው ሰደደች። አጠገቧ ያለችው ሴት ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። «ከርስዎ ካሎ ነው» አለች ካሰች በመጨረሻ። «በዚህ ወር ርጥብ ሳር ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሲስቁ ሴቶቹም ሳቁ፣ ሰልፉ ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ካሰች ግን አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኦቦ ኤጄታ፣ የልጅ ልጄን ታችኛው ሜዳ ቀብሬ መጥቻለሁ። ሁለተኛውን እዚያ እንዳልቀብር ነው የቆምኩት» አለች።

ኦቦ ኤጄታ በትራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሳሩን ከእጇ ተቀበሏት። ሳሩን ከተቀበሉ ነገሩ አልቋል። ቃላቸውንም ሰጡ። አጥሩ ይነሣ፤ ግን አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን በሬዎቻቸው ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጋጡት። «አውሮፕላኑ እንግዳ ነው፤ በሬዎቼ ባለቤት ናቸው። ሣሩንም ያለ ማጭድ እንዲያጥር ያደርጉላችኋል» አሉ። ሙለታ ይህን ሲሰማ የድርጅቱ ሰዎች ራሳቸው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አያመጡም አለ።

ከፋሲካ በኋላ ደቦ ተጠራ። ወንዱ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ሴቱ ይለቅማል፣ ተማሪው የፍልፈል ጉድጓድ በጠጠርና በአፈር ይደፍናል። የተለቀመው ድንጋይ በሁለቱም ዳር ተደርድሮ በኖራ ነጣ፤ ሜዳው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አብራሪው የሚያውቀው በእነዚያ ነጫጭ ድንጋዮች ነው። እጅጌውም ተሰቀለ። የመጀመሪያው ነፋስ ገብቶበት ሲነፋ የኳየሩ ልጆች ጋዋናቸውን አወቁት፤ የአንዷ ኪስ የነበረበት ቦታ በግልጽ ይታይ ነበር። ካሰች ግን ያየችው ስፌቱን ነው። ነፋሱ ቢያራግበውም አልተተረተረም። ወደ ቤቷ ስትመለስ እንደ ወትሮዋ አንገቷን ደፍታ አልሄደችም።

የሙከራው ቀን በግንቦት አጋማሽ ዋለ። ቀደም ሲል ዝናብ ጣል ጣል ብሎ ወንዙ ዳር ሳር በቅሏል። ካሰች በዋዜማው ሜዳውን ስትጎበኝ አዲሱ ክፍል ዓይኗን ወጋው። ከካሎው የተወሰደው መሬት ድንጋዩ ወጥቶ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ቀይ አፈሩ እንደተላጨ ራስ ገጥጦ ይታያል። እንግዳ በባዶ አፈር አይቀበሉትም። ለሠርግ ይጎዘጎዛል፣ ለበዓል ይጎዘጎዛል፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚመጣ እንግዳማ ምን ይባላል? ሴቶቹን ነገረቻቸው። ሁሉም ያሰቡት ይህንኑ ነበርና ማንም አልተከራከረም።

ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ዳር ወርደው ቄጤማና ለምለም ሳር አጨዱ። በሸክም በሸክም አምጥተው ሜዳውን ጎዘጎዙት፤ አዲሱን ክፍል በተለይ። ረጃጅሙን ቄጤማ ደግሞ ለጌጥ በዳርና በዳር፣ በነጫጮቹ ድንጋዮች ላይ አጋደሙት። ሙለታ ክሊኒኩ ውስጥ ሬዲዮ መገናኛው አጠገብ ነበርና አላየም። ኦቦ ኤጄታ አዩ፤ አይተውም አማረ አሉ። በእርግጥም አምሮ ነበር። ሜዳው በሙሉ እንደ አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ ከገደሉ አፋፍ እስከ ካሎው ጥግ ተዘርግቶ፣ ጤዛው በፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር።

አውሮፕላኑ ከምሥራቅ ብቅ ሲል ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ዝቅ አለ፣ ቀረበ፣ ጎማው ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ሞተሩ ጮኾ ወደ ላይ ተመለሰ። ሰው ሰላምታ መሰለው። ዞሮ እንደገና ዝቅ አለ፤ አሁንም ሳያርፍ አለፈ። እልልታው ቀጠለ። ካሰች ግን እልልታዋን አቋረጠች። አውሮፕላኑ ክንፉን አዘንብሎ ወደ ቆላው፣ ወደ ታችኛው ሜዳ አቅጣጫ ሄደ። ያንን አቅጣጫ ታውቀዋለች።

ሙለታ ከክሊኒኩ እየሮጠ ደረሰ። ሲደርስ እያለከለከ ጉልበቱን ይዞ ቆመ።

«ሳሩን ማን ነው ያስጎዘጎዘው?» አለ።

ሴቶቹ ወደ ካሰች ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለች ካሰች።

ሙለታ ተመለከታት። የተቆጣ ፊት አልነበረውም፤ ያ ደግሞ ባሰባት። «አዴ ካሰች፣ ካፒቴኑ ሜዳው ጠፋኝ ነው የሚለው። ድንጋዮቹ ተሸፍነዋል፤ ከላይ ሲያየው ሁሉም አንድ አረንጓዴ ነው፤ የት እንደሚጀምር የት እንደሚያልቅ አይለይም። በርጥብ ሳር ላይ ደግሞ ፍሬን አይዝለትም። አሁን ታችኛው ሜዳ መድኃኒት አራግፎ ይመለሳል። ሲያልፍ አንድ ጊዜ ያየናል፤ እንዲሁ ካገኘን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ…»

«ጎጆ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ማንም አልሳቀም።

ካሰች ዞር ብላ ልጇን ፈለገቻት። ጊፍቲ ከዛፉ ጥላ ስር ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነው። ወደ እናቷ እያየች ነበር። ካሰች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጎንበስ ብላ ከእግሯ ስር ያለውን ሳር ማንሣት ጀመረች።

«ተዪ» የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ዘርትሁን ነበሩ፤ በሴቶቹ መካከል ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ሠርግም ልቅሶም ያለ እሳቸው ቃል አይሆንም። «ለእንግዳ የተጎዘጎዘ እንግዳው ሳይረግጠው አይነሣም። ካነሣነው አትምጣብን ማለታችን ነው። ከእግሩ በፊት ሳሩን ያነሣ ቤት እንግዳ አይመጣለትም።»

ካሰችን አይተው ጎንበስ ያሉት ሴቶች ቀና አሉ። ሙለታ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ቢናገር ግን ማን ይሰማዋል? ካሰችም እሱን መስማት አላስፈለጋትም። እማማ ዘርትሁን የተናገሩትን እሷም ከእናቷ ነው የሰማችው፤ ታምንበታለችም። ሳሩን እንደያዘች ቆማ አሰበች። ሳሩ ሜዳው ላይ ቢቀር እንግዳው አያርፍም፤ ቢጣልም እንግዳው ተገፋ። እጇን አየች። ሳሩ በእጇ ውስጥ ነበር፤ ኦቦ ኤጄታ ደጅ እንደያዘችው ሆኖ።

«አንጥለውም፣ እማማ» አለች። «እንደዚያ ቀን በእጃችን ይዘነው እንቆማለን፤ ሁላችንም፣ በግራና በቀኝ። በእጅ የተያዘ ሳር አትምጣ ይላል እንዴ?»

እማማ ዘርትሁን ከንፈራቸውን እየመጠጡ አሰቡ። ከዚያ ዱላቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያውን ጭብጥ ያነሡት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። ሴቱ በነጠላው፣ ወንዱ በጋቢው፣ ተማሪው በእቅፉ ሳሩን ይሰበስባል። ክሊኒኩ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ታማሚዎች እንኳ ጠጋ ጠጋ ብለው ለቀሙ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ነጭ ፊታቸውን አወጡ። ቀዩ አፈር እንደገና ታየ፤ አሁን ማንም ለራቁትነቱ አላፈረም። ሰዉ ሁሉ ሳሩን በሁለት እጁ ታቅፎ ከድንጋዮቹ ኋላ፣ ከገደሉ አፋፍ እስከ ካሎው ጥግ ሁለት መስመር ሠራ። ኦቦ ኤጄታ በትራቸውን ይዘው በመስመሩ ፊት እየተመላለሱ ጣቱን ከድንጋዩ ያሳለፈውን ሁሉ እግሩን ይመቱታል። «ወደ ኋላ በሉ፤ አውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ ሙሽራ አይደለም» ይላሉ።

የሞተሩ ድምፅ ከቆላው በኩል ተሰማ። በዚህ ጊዜ እልል ያለ የለም። እጅጌው ቀስ ብሎ ተነፋ፣ ጫፉ ወደ ገደሉ ዞረ። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ አለፈ። ካሰች ሳሩን ወደ ላይ አነሣችው፤ አጠገቧ ያለችውም አነሣች፤ ከዚያም መስመሩ በሙሉ። አውሮፕላኑ ሩቅ ሄዶ ዞረ፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ነካ። ቀይ አቧራ እያስነሣ ሮጠ፤ የድሮው ሜዳ የሚያልቅበትን ቦታ አልፎ፣ አዲሱን መሬት ይዞ፣ እየበረደ እየበረደ ሄዶ ቆመ። ካሰች ያየችው ጎማውን ነው። ኦቦ ኤጄታ አጥር የነበረበትን መስመር ተሻግሮ ነበር የቆመው።

ያኔ እልልታው መጣ። እማማ ዘርትሁን ግን መጀመሪያ ሥራቸውን ጨረሱ። ሄደው የያዙትን ሳር በአውሮፕላኑ መሰላል ስር ጎዘጎዙት። ካፒቴን ገብረአማኑኤል ሲወርድ እግሩ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

«እስከ ዛሬ ለጎማ ሳር ሲነጠፍ አላየሁም» አለ እየሳቀ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ ሁለቱን የሰው መስመር ለረጅም ጊዜ አየ። «እንዲህ ያለ ማረፊያም አላየሁም። ከላይ ስመጣ ሁለት አረንጓዴ መስመር፣ በመካከሉ መንገዴ። ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተውም።»

«ነፋሱንስ ማን ነገረህ፣ ልጄ?» አለች ካሰች።

ካፒቴኑ ወደ ምሰሶው ጠቆመ። «ያ ቀይ እጅጌ ነው፣ እማማ።»

ካሰች ራሷን ነቀነቀች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ግን ያን ቀን ማታ ቤቷ ስትገባ፣ የስፌት መኪናዋን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ አድርጋ ነው ያለፈችው።

ከሰኔ ጀምሮ አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ሸነን፣ ከሸነን አዲስ አበባ በቀጥታ ይመላለስ ጀመር። በሐምሌ ዝናቡ ሌት ተቀን ሆነ፤ የጉደሩ መንገድ ተቆረጠ። የጊፍቲ ምጥ አሁንም ጠና። ሙለታ በሬዲዮ ተነጋገረ፤ ጠዋት ደመናው ለጥቂት ጊዜ ሲገለጥ አውሮፕላኑ መጣ። ለሌላ ታማሚም ቦታ አስፈልጎ ነበርና ካሰች ከልጇ ጋር መሄድ አልቻለችም።

«ሃርሜ፣ ታች ቆላ እንወርዳለን?» አለቻት ጊፍቲ፣ ቃሬዛው ላይ ሆና። እናቴ ማለቷ ነው። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ስለ ታችኛው ሜዳ በአፏ ስታነሣ የመጀመሪያዋ ነበር።

«የትም አትወርዱም፣ ልጄ። ቀጥታ ነው።»

ካሰች ከድንጋዮቹ ኋላ ቆማ አየች። እጅጌው በዝናብ ርሶ ተንጠልጥሏል፤ ትንሽ ነፋስ መጣና አነሣው። አውሮፕላኑ ሮጠ፣ በኦቦ ኤጄታ ካሎ ላይ ሮጠ፣ ከዚያ መሬቱን ለቀቀ። ወደ ቆላው አልዞረም። ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ደመናው ውስጥ እስኪገባ አየችው። ከምሳ በፊት ሙለታ ደርሰዋል ሲል መጥቶ ነገራት። በማግስቱ ደግሞ በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ ናት አለ። ልጅቷን ቢፍቱ አሏት፤ የማለዳ ፀሐይ ማለት ነው። ኦቦ ኤጄታ ሊጠይቋት ሲመጡ አገላብጠው አይተዋት፣ «በካሎዬ ብዙ ወይፈን አድጓል፤ ሰው ሲያድግበት ግን አንቺ የመጀመሪያ ነሽ» አሏት። በዚያ ክረምት ብቻ ከሜዳው ላይ ተነሥተው፣ ድነው የተመለሱት ብዙ ናቸው። ሸነን የእያንዳንዳቸውን ስም ያውቃል።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ኦቦ ኤጄታ በሰላም አረፉ። መንገዱ ጠጠር ለበሰ፣ አምቡላንስም መጣ፣ አውሮፕላኑም እየቆየ እየቆየ መምጣት ጀመረ። አንዳንድ ሰው እጅጌው ምን ይሠራል ብሎ ይጠይቃል። ካሰች መልሷን ታውቃለች። መንገድ ሲናድ አውሮፕላን ደውሎ አይመጣም፤ ሲመጣ ሜዳው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። በሌላው ቀን ደግሞ አውድማ ያለው ገበሬ ሁሉ እህሉን ሊያዘራ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ምሰሶውን ነው። የኦቦ ኤጄታ ልጆችም በሬዎቻቸውን በቃላቸው መሠረት እዚያው ያሰማራሉ። ሣሩ ዛሬም አጭር ነው።

ቢፍቱ ዘንድሮ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ጉደር ካምፓስ ገብታ እርሻ ትማራለች። ለእረፍት ስትመጣ የአያቷን መርፌ ክር የምታስገባላት እሷ ናት፤ የካሰች ዓይን ደክሟልና። እጆቿ ግን አልደከሙም። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ የአምናውን ታወርዳለች፣ ነፋስ የበላውን ታያለች፣ አዲሱን ትሰፋለች። ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ ጎትታ ሞክራ። አንድም ክረምት ሳይሰቀል አላለፈም፤ ስትናገረው አገጯ ከፍ ይላል።

አሁን የቸገራት ጨርቅ ነው። የኳየሩ ቀይ ጋዋን አልቋል፤ አዲሱ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ ከሰማይ ጋር ይመሳሰላል፣ ለአብራሪ አይታይም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በአምቦም ሁኑ በጎጆ፣ ካሰች አንድ ነገር ትለምናችኋለች። የቤተ ክርስቲያናችሁ ኳየር ልብስ ሲቀይር አሮጌውን ቀይ ጋዋን አትጣሉት። ጠቅልላችሁ ወደ ሸነን ለሚሄድ መኪና ስጡልን፤ ገበያው ዳር፣ ከቆርቆሮው ጥላ ስር፣ አዴ ካሰች ዘንድ አድርሱልን።